ስለ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ፥ ሥራውም ሳይጠፋ ስለ መቅረቱ

ስለ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ብዙ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ይነገራል። ይህ ሰው በሙዚቃ ድርሰት ከሊቃውንት ሁሉ የበለጠ ነበረ፤ ነገር ግን በሞተ ጊዜ ሥራው ከርሱ ጋራ ተቀበረ፤ ሰማንያ ዓመት ያህልም የሚያስበው ሰው አልተገኘም፤ ከዚያ በኋላ ፌሊክስ ሜንደልስዞን የሚባል ጐልማሳ በ1829 ዓመት በበርሊን ከተማ ሥራውን ከመቃብር አወጣው ይባላል። ይህ ነገር ለጆሮ ያምራል፤ ለሚተርከውም ይመቻል። ነገር ግን እውነትነቱ እኩሌታ ነው። የተቀበረ ወረቀት ይበሰብሳል እንጂ ሰማንያ ዓመት ቆይቶ አይነሣም። ሜንደልስዞን የባኽን ድርሰት በእጁ ለመያዝ የበቃው አስቀድሞ ሌላ ሰው ስለ ጠበቀው ነው፤ ያም ሰው የጠበቀው ከርሱ የቀደመ ሌላ ሰው በእጁ ስለ ገለበጠው ነው። የአስነሺው ስም በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ የገልባጮቹን ስም ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይህ ፍርድ የተካከለ አይደለም።

ባኽ የተወለደው በጀርመን አገር፥ ቱሪንጊያ በሚባለው አውራጃ፥ በአይዘናኽ ከተማ በመጋቢት ወር በ1685 ዓመት ነው። (በዚህ ጽሕፈት ያለው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) አባቱ ዮሐን አምብሮዚዩስ የከተማው ሹሞች ደመወዝ ቈርጠው ያኖሩት ሙዚቀኛ ነበረ። አያቱም አጎቶቹም ሙዚቀኞች ነበሩ፤ በዚያ አውራጃ የባኽ ወገን ከመባዛቱ የተነሣ ባኽ ማለትና ሙዚቀኛ ማለት አንድ ወደ መሆን ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሕፃኑ በዚህ ቤት ደስታ ብዙ አልቈየም። በ1694 እናቱ ሞተች፤ በዓመቱም፥ ልጁ ዐሥር ዓመት ሳይሞላው፥ አባቱ ሞተ። ስለዚህ ኦርድሩፍ በምትባል ትንሽ ከተማ የኦርጋን መቺ ወደ ነበረው ወደ ታላቅ ወንድሙ ወደ ዮሐን ክሪስቶፍ ቤት ሄደ። ኦርጋን ማለት በእጅና በእግር የሚመታ፥ ነፋስ በብዙ ቧንቧ እያለፈ የሚያሰማው ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ነው።

ታላቅ ወንድሙ መገበው፤ አለበሰው፤ መምታትንም አስተማረው። ልጁ ግን የተሰጠውን ሁሉ ፈጥኖ ይጨርስ ነበርና ሌላ ፈለገ። በቤቱ ውስጥ የታወቁ ሊቃውንት ድርሰት የተሰበሰበበት አንድ መጽሐፍ ነበረ። ወንድሙም ይህን መጽሐፍ ደጁ ፍርግርግ በሆነ ሣጥን ውስጥ ቈልፎ ያስቀምጠው ነበር። ልጁ ቢለምን፥ ለምን እንደሆነ ሳይነገረው ተከለከለ። መጽሐፉ ግን ጠንካራ ልባስ ስላልነበረው ሊጠቀለል ይችል ነበር። ልጁ ሰው ሁሉ በተኛ ጊዜ ተነሥቶ ትንሿን እጁን በፍርግርጉ ያገባል፤ መጽሐፉን ጠቅልሎ ያወጣል፤ መብራት ስላልተሰጠውም በጨረቃ ብርሃን ተቀምጦ ይገለብጣል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ሥራው ይቆማል። እንዲህ እያደረገ በስድስት ወር ጨረሰው። ነገር ግን በገለበጠው ወረቀት በስውር ሊለማመድ ሲጀምር ወንድሙ አወቀበት፤ ያለ ርኅራኄም ወረቀቱን ወሰደበት። ይህን ታሪክ የጻፉት ባኽ ከሞተ በኋላ በ1754 በታተመው የመታሰቢያ ጽሕፈት ልጁ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤልና ደቀ መዝሙሩ አግሪኮላ ናቸው።

ታሪኩን የሚሰማ ልጅ ሁሉ ታላቁን ወንድም ይጠላዋል። መጥላቱም አያስገርምም፤ የስድስት ወር ሌሊት ድካም በአንድ ቀን መንጠቅ ክፉ ነገር ነው። ነገር ግን ስለዚህ ሰው የሚታወቀው ነገር ይህ ብቻ አይደለም። ዮሐን ክሪስቶፍ በሕይወቱ ሳለ ሁለት ታላላቅ መጻሕፍት በእጁ ገልብጦ አዘጋጀ። በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ከሌሎች ሊቃውንት ድርሰት ጋራ የታናሽ ወንድሙ የሰባስቲያን የጐልማሳነት ድርሰቶች ይገኛሉ። ባኽ ከሃያ ዓመት ዕድሜው ወዲህና ወዲያ ከጻፋቸው ውስጥ ብዙዎቹ ዛሬ የሚታወቁት ዋናው ጽሑፍ ተርፎ ሳይሆን ይህ ወንድሙ ስለ ገለበጣቸው ነው። አንድ ጊዜ ከልጁ እጅ ወረቀት የነጠቀው ሰው በኋላ የዚያን ልጅ ሥራ ለዓለም ጠበቀ። ሰውን በአንድ ቀን ሥራው ብቻ የሚፈርድ ሰው ዮሐን ክሪስቶፍን አያውቀውም።

ልጁም መገልበጥን አልተወም። በ1700፥ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው፥ ከኦርድሩፍ ወደ ሰሜን ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሉነቡርግ ሄደ። በዚያ የቅዱስ ሚካኤል ትምህርት ቤት ድኻ የሆኑ፥ ድምፃቸው ግን ያማረ ልጆችን እያስዘመረ በነጻ ያስተምር ነበር። በዚያች ከተማ ጌዮርግ ቦም የሚባል የኦርጋን መቺ ነበረ። በ2006 ዓመት በቫይማር ቤተ መጻሕፍት ከቈዩ ወረቀቶች መካከል የባኽ የልጅነት የእጅ ጽሑፍ መገኘቱ ተነገረ። ከነዚያ አንዱ የራይንከን የኦርጋን ድርሰት ነው፤ በመጨረሻውም በጌዮርግ ቦም ቤት በ1700 ዓመት በሉነቡርግ እንደ ተጻፈ የሚገልጽ ቃል አለበት። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የተገኘው ይህ ወረቀት የታላቅ ድርሰት መጀመሪያ አይደለም፤ አንድ ተማሪ የሌላ ሰው ሥራ ተጠንቅቆ የጻፈበት ነው። ከባኽ የእጅ ጽሑፎች ሁሉ ቀዳሚዎቹ እነዚህ ናቸው።

በ1703 በአርንሽታት የኦርጋን መቺ ሆኖ ተሾመ። ከዚያም በ1705 መጨረሻ ዲትሪኽ ቡክስተሁደ የሚባለውን የታወቀ ሊቅ ለመስማት ወደ ሊቤክ ሄደ። መንገዱ ከአራት መቶ ኪሎሜትር ይበልጣል፤ እርሱም በእግሩ ሄደ ይባላል። ከአለቆቹ የጠየቀው የአራት ሳምንት ፈቃድ ነበረ፤ የቈየው ግን አራት ወር ያህል ነው። በተመለሰ ጊዜ አለቆቹ ጠርተው ወቀሱት፤ ደግሞም በመዝሙሩ መካከል እንግዳ ድምፅ እያገባ ምእመናኑን ግራ ያጋባል ብለው ከሰሱት። በዚህ ነገር ብዙ ጸሐፊዎች አለቆቹን ደንቈሮ ያደርጓቸዋል። ነገር ግን በአራት ሳምንት ፈቃድ አራት ወር መቅረት በየትም አገር ጥፋት ነው፤ ሊቅ ቢሆንም ጥፋት ነው። ከሊቤክ ይዞት የመጣው እውቀት ታላቅ በመሆኑ ጥፋቱ አይጠፋም፤ ጥፋቱም እውቀቱን አያሳንሰውም።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓመታት ፈጥነው ያልፋሉ። በ1707 ወደ ሚውልሃውዘን ሄደና ማርያ ባርባራ የምትባል ዘመዱን አገባ። በ1708 በቫይማር መስፍን ቤት ገባ። በ1717 ወደ ሌላ ጌታ ለመሄድ አጥብቆ ስንብት በመጠየቁ መስፍኑ ተቈጥቶ አራት ሳምንት ያህል አሰረው፤ በመጨረሻም አሰናበተው። ከዚያ በከተን ከተማ ሙዚቃ ከሚወድ ወጣት ልዑል ዘንድ ተቀመጠ። በ1720 ከልዑሉ ጋራ ወደ ካርልስባድ ፍል ውኃ ሄዶ ሲመለስ፥ በደኅና የተዋት ሚስቱ ሞታ ተቀብራ አገኛት። በ1721 አና ማግዳሌና ቪልከ የምትባል ዘማሪት አገባ። ከሁለቱ ሚስቶቹ ሃያ ልጆች ወለደ፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ግን ዐሥር ብቻ ናቸው።

በከተን ሳለ ያደረገው አንድ ነገር ግን በፍጥነት ሊታለፍ አይገባውም። በ1720 የበኵር ልጁ ቪልሄልም ፍሪደማን ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አባቱ አንድ ትንሽ ደብተር ሰጠው። በደብተሩ መጀመሪያ የዜማ ምልክቶች ስማቸው ተጽፏል፤ ቀጥሎ ጣቶች የትኛው በየትኛው ቦታ እንደሚያርፍ በቍጥር የተመለከተበት አጭር መልመጃ አለ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ እየከበደ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ብዙ መቺዎች አውራ ጣታቸውን ሥራ ፈት ያደርጉት ነበር፤ ባኽ ግን አውራ ጣትን እንደ ሌሎቹ ጣቶች ሥራ ሰጠው። በ1722 ደግሞ ለእያንዳንዱ የድምፅ መነሻ አንድ አንድ መግቢያና ፉጋ ያለበትን፥ በሁሉም ሃያ አራት የሆነውን ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። በፊት ገጹ ላይ መጽሐፉ ለመማር ለሚሹ ወጣቶች ጥቅም እንደ ተዘጋጀ ገለጸ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉ ፒያኖ መቺዎች እንደ ዋና መጽሐፋቸው የሚቈጥሩት ይህን ለተማሪዎች የተጻፈውን ነው።

ፉጋ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስቸግርም። አንድ ድምፅ አጭር ዜማ ብቻውን ይጀምራል። እርሱ ዜማውን ሲጨርስ ሁለተኛው ድምፅ ያንኑ ዜማ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይዞ ይገባል፤ የመጀመሪያውም ዝም አይልም፥ ከሁለተኛው ጋራ የሚስማማ ሌላ ነገር ይናገራል። ከዚያ ሦስተኛው፥ አንዳንድ ጊዜም አራተኛውና አምስተኛው ይገባሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ አንዱ ግን ሌላውን አይረግጠውም። በሸንጎ አምስት ሰው ባንድ ጊዜ ቢናገር ጩኸት ነው። በባኽ ድርሰት ግን አምስቱም ይሰማሉ፤ አንዱ ቢጐድል የሌሎቹ ነገር ይፈርሳል። ይህን ሥራ ከባኽ በፊትም የሠሩ ብዙ ነበሩ። ከርሱ አስበልጦ የሠራ ግን አልተገኘም፤ በዚህ ነገር ሊቃውንቱ ክርክር የላቸውም።

በ1723 ባኽ በላይፕዚግ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የመዘምራን መምህር ሆኖ ተሾመ፤ እስኪሞትም ድረስ ሃያ ሰባት ዓመት በዚያ ቈየ። የከተማው ሹሞች አስቀድመው የፈለጉት እርሱን አልነበረም። ፊተኛው ቴለማን ነበረ፤ እርሱ እምቢ አለ። ሁለተኛው ግራውፕነር ነበረ፤ ጌታው አልለቀው አለ። ከሹሞቹ አንዱም ከሁሉ የሚሻሉት ካልተገኙ መካከለኛውን መያዝ ግድ ነው የሚል ነገር ተናገረ። ይህን ቃል የተናገረው ሰው ስሙ በመዝገብ አለ፤ ሰዎች የሚያስታውሱት ግን ስለዚሁ ቃሉ ብቻ ነው።

የመዘምራን መምህሩ ሥራ እንዲህ ነበረ። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከተማሪዎቹ ጋራ በአንድ ሕንጻ ይኖራል፤ ዜማ ያስተምራል፤ በየተራው ልጆቹን ያነቃል፥ ይቈጣጠራል፤ በከተማዪቱ ዋና ዋና አብያተ ክርስቲያናት የሚዘመረውንም ያዘጋጃል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባኽ ለየእሑዱ ማለት ይቻላል አዲስ ካንታታ ይጽፍ ነበር። ካንታታ ማለት በመዘምራንና በብዙ መሣሪያ የሚቀርብ፥ ሃያ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የዕለቱ መዝሙር ነው። አምስት ጫፍ ባለው ብዕር ባዶው ወረቀት ላይ አምስት መስመር ባንድ ጊዜ ይሰመራል። መምህሩ በላባ ብዕር ድርሰቱን ይጽፋል። ቀለሙ ሳይደርቅ ገልባጮቹ ይቀበሉታል፤ የእያንዳንዱን ዘማሪና የእያንዳንዱን መሣሪያ ድርሻ ለየብቻው በየወረቀቱ ያወጣሉ። ገልባጮቹ የትምህርት ቤቱ ልጆች፥ የቤቱ ልጆችና ሚስቱ አና ማግዳሌና ነበሩ። የእርስዋ የዜማ ጽሑፍ የባልዋን ጽሑፍ እጅግ ይመስል ስለ ነበረ የኋላ ሰዎች ለይተው ለማወቅ ተቸግረዋል። እሑድ ጠዋት ልጆቹ ያንኑ ወረቀት ይዘው ቆመው ይዘምራሉ። በማግሥቱ የሚቀጥለው እሑድ ሥራ ይጀመራል።

ባኽ በነሐሴ ወር በ1730 ለሹሞቹ አንድ ማመልከቻ ጻፈ። በዚያ ጽሕፈት የትምህርት ቤቱን ልጆች በስማቸው እየዘረዘረ በሦስት ከፈላቸው፦ ለመዝሙር የሚጠቅሙ 17፥ ገና የሚማሩ 20፥ ጨርሶ የማይጠቅሙ 17። በነዚህ ልጆች ለብዙ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ማዳረስ እንደማይቻል፥ ለመሣሪያ መቺዎችም ደመወዝ እንደሚያስፈልግ አመለከተ። ሹሞቹ ደግሞ በዚያው ወራት በእርሱ ላይ ያጕረመርሙ ነበር፤ ማስተማሩን ቸል ይላል፥ ያለ ፈቃድ ይሄዳል፥ አይታረምም አሉ። እውነቱን ለመናገር ሹሞቹ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ባኽ የላቲን ቋንቋ ትምህርቱን ከራሱ ገንዘብ እየከፈለ ለሌላ መምህር ትቶት ነበር፤ ጠባዩም ግትር ነበረ። ነገር ግን በስንፍና መክሰሳቸው የሚያሳዝን ነው። ይህ ክስ በቀረበ ጊዜ በላይፕዚግ ከመቶ የሚበልጡ ካንታታዎች ጽፎ ነበር፤ በዮሐንስና በማቴዎስ ወንጌል እንደ ተነገረው የጌታን ሕማማት የሚያሰሙትን ሁለት ታላላቅ ድርሰቶችም ሹሞቹ በገዛ ጆሯቸው ሰምተው ነበር።

የማቴዎሱ ሕማማት በ1727 በስቅለት ዓርብ መጀመሪያ የተሰማ ነው። ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ርዝመት አለው፤ መዘምራኑ በሁለት፥ መሣሪያዎቹም በሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል። ባኽ በ1736 ይህን ድርሰት እንደገና አሳምሮ ጻፈው፤ የወንጌሉንም ቃል በብራና መጻሕፍት ላይ እንደሚታየው በቀይ ቀለም ለየው። በኋላ ወረቀቱ በዳር በኩል በተጐዳ ጊዜ ራሱ ቍራጭ ወረቀት እየለጠፈ ጠገነው፤ የጠፋውንም ኖታ መልሶ ጻፈበት። በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ ለተዘመረ ድርሰት ይህን ያህል መጠንቀቁ፥ ወረቀቱ ከርሱ በኋላ ለሌላ ሰው እንዲደርስ ያስብ እንደ ነበረ ያሳያል።

የባኽን ታሪክ በ1802 ያሳተመው ፎርከል እንደ ጻፈው፥ ባኽ ይህን ሁሉ እንዴት እንደ ቻለ ሲጠየቅ፥ እርሱ መትጋት ግድ ሆኖበት እንደ ነበረ፥ እንደርሱ የተጋ ሰውም እኩል እንደሚደርስ ይመልስ ነበር። መምህራን ይህን መልስ እጅግ ይወዱታል። መልሱ ግን የትሑት ሰው መልስ ነው እንጂ እውነቱ ሁሉ አይደለም። በዚያ ዘመን በጀርመን አገር እንደ ባኽ ማልደው የሚነሡ፥ እንደ ባኽ እስከ እኩለ ሌሊት የሚጽፉ ብዙ የመዘምራን መምህራን ነበሩ፤ ሥራቸው ግን የርሱን አያህልም። ስጦታ ሌላ፥ ትጋት ሌላ ነው። ሆኖም በስጦታው ብቻ ይህን ሁሉ ሠራ የሚሉትም ይሳሳታሉ። በጨረቃ ብርሃን የተገለበጠውን መጽሐፍ ስጦታ አልገለበጠውም።

በስተርጅናው ዓይኑ ደከመ። በ1750 ጆን ቴይለር የሚባል እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም ሁለት ጊዜ ቀደደው፤ መዳን ግን አልሆነም፥ ይልቁንም ሰውነቱ ሁሉ ተጐዳ። ሐምሌ 28 ቀን 1750 በስድሳ አምስት ዓመቱ ሞተ። ሹሞቹ ፈጥነው ሌላ መምህር ሾሙ። አና ማግዳሌና ከነታናናሽ ልጆቿ ከትምህርት ቤቱ ቤት ወጣች፤ በ1760 በከተማው ምጽዋት እየተረዳች ሞተች። ባልዋ ለዚያች ከተማ ሃያ ሰባት ዓመት አገልግሏል፤ እርስዋም ያለ ደመወዝ ስትገለብጥ ኖራለች። ያደጉት ወንዶች ልጆች በየከተማው ሥራና ስም ነበራቸው፤ እነርሱም ከወቀሳ አያመልጡም። ከሁሉ ታናሽ የነበረችው ሬጊና ሱዛና አባትዋ ሲሞት ስምንት ዓመትዋ ነበረ። በ1800 በላይፕዚግ ይታተም የነበረ የሙዚቃ ጋዜጣ ይህች ሴት በችግር ላይ መሆንዋን ገልጾ ርዳታ ለመነላት። ከቪየና ሆኖ ልመናውን በደስታ የተቀበለው ቤቶቨን ነበረ።

ቤቶቨን ባኽን ከወዴት ዐወቀው? ባኽ ጨርሶ ተረሳ የሚሉት ሰዎች ይህን ጥያቄ ሊመልሱ ይገባቸዋል። በ1783፥ ቤቶቨን ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው፥ መምህሩ ኔፈ በቦን ከተማ ሆኖ ስለ ልጁ በጻፈው ወሬ፥ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ከሃያ አራቱ የባኽ መጽሐፍ እንደሚመታ ገልጾ ነበር። መጽሐፉ ያን ጊዜ ገና አልታተመም። ከመምህር ወደ ተማሪ፥ ከተማሪ ወደ ተማሪ በእጅ እየተገለበጠ ቦን ደርሶ ነበር። በ1789 ሞዛርት ወደ ላይፕዚግ በመጣ ጊዜ የቅዱስ ቶማስ ልጆች ሁለት ወገን መዘምራን ያሉትን አንድ የባኽ መዝሙር ዘመሩለት። ያን ጊዜ የመዘምራኑ መምህር ዶለስ የባኽ ደቀ መዝሙር የነበረ ሰው ነው። ሞዛርት ጥቂት እንደ ሰማ ደንግጦ፥ ከዚህስ የሚማሩት ነገር አለ አለ ይባላል። የድርሰቱ ሙሉ መጽሐፍ አልነበረምና የየድምፁን ወረቀት አስመጣ፤ በእጁ፥ በጉልበቱና በአጠገቡ ባሉት ወንበሮች ላይ ዘርግቶ አንብቦ ሳይጨርስ አልተነሣም። የባኽ ሥራ ያን ጊዜ በመቃብር አልነበረም፤ በተማሪዎች ሣጥን ውስጥ ነበረ።

ይህ ማለት ግን ምንም አልጠፋም ማለት አይደለም። ወረቀቱ ለወራሾች በተከፈለ ጊዜ ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል ድርሻውን ተጠንቅቆ ጠበቀ። ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ደብተር የተሰጠው ፍሪደማን ግን በስተርጅናው ደኽይቶ የደረሰውን ሸጠ፤ ከርሱ ድርሻ ብዙው ተበታተነ። ዛሬ ካንታታዎቹ ሁለት መቶ ያህል ይገኛሉ፤ ባኽ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ጽፎ ነበር። ፍሪደማንን በዚህ ነገር አጥብቀው የሚኰንኑት አሉ። የራበው ሰው አባቱ የተወለትን ወረቀት ቢሸጥ ጥፋቱ የርሱ ብቻ አይደለም፤ እየሰሙት ያስራቡትም ይካፈሉታል።

ወደ ሜንደልስዞን ስንመለስ፥ የርሱን ክብር መቀነስ አይገባም። በበርሊን አንድ የመዘምራን ማኅበር ነበረ፤ ይህ ማኅበር ሜንደልስዞን ሳይወለድ ጀምሮ የባኽን መዝሙሮች ይለማመድ ነበር፤ በኋላም አለቃው የነበረው ጼልተር የሜንደልስዞን መምህር ነበረ። የማቴዎሱን ሕማማት ግን በሸንጎ ለማሰማት ማንም አልደፈረም፤ ጼልተር ራሱ አይሆንም ይል ነበር። የሜንደልስዞን አያት ቤላ ሳሎሞን ለልጅ ልጅዋ ድርሰቱን አስገልብጣ በስጦታ ሰጠችው። እርሱም ገና ሃያ ዓመቱ ሳለ መጋቢት 11 ቀን 1829 ብዙውን ክፍል አሳጥሮ አሰማው፤ ቦታው ለሕዝቡ አልበቃ አለ፤ በዚያው ወር በባኽ የልደት ቀን እንደገና ተሰማ። ከዚያ በኋላ ባኽ የሊቃውንት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ ሆነ። በ1850 አንድ ማኅበር ሥራውን ሁሉ ለማሳተም ተቋቋመ፤ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጀበት። ይህ ድፍረት የሜንደልስዞን ነው። ወረቀቱ ግን የአያቱ ስጦታ ነው።

የዚያ የበርሊን ማኅበር መዛግብት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቦምብ ለማዳን ወደ ምሥራቅ ተወስደው ጠፉ። ብዙዎች ተቃጥለዋል ብለው ተስፋ ቈርጠው ነበር። በ1999 በኪየቭ ከተማ በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ተገኙ፤ ከ5000 የሚበልጡ ጽሑፎች ነበሩ፥ ከነርሱም መካከል ካርል ፊሊፕ ኤማኑኤል የጠበቃቸው የባኽ ወገን ድርሰቶች ይገኙ ነበር። በ2001 ወደ በርሊን ተመለሱ። ከዚያ በተለየ ሁኔታ በበርሊን ቤተ መጻሕፍት የነበሩትን የባኽ የእጅ ጽሑፎች ደግሞ ሌላ ጠላት አገኛቸው፤ ቀለሙ ብረት ስላለበት ወረቀቱን ቀስ በቀስ እየበላ ቀዳዳ ያወጣበት ነበር። ሠራተኞች አንዱን ወረቀት እንደ ሁለት ልብስ ከፍለው በመካከሉ ቀጭን ወረቀት እያስገቡ አዳኑት።

በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ባኽ ለአንድ ቼሎ ብቻ የጻፋቸው ስድስት ድርሰቶች ያሉበት ጽሑፍ አለ። ቼሎ በጉልበት መካከል ይዘው የሚመቱት ታላቅ ቫዮሊን ነው። በ1890 ፓብሎ ካዛልስ የሚባል የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋራ በባርሴሎና ሱቅ ገብቶ የነዚህን ድርሰቶች አሮጌ እትም አገኘ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ከተለማመደ በኋላ በሕዝብ ፊት መታቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቼሎ የሚማር ሰው ሁሉ ይማራቸዋል። ባኽ ራሱ የጻፈው ዋናው ወረቀት ጠፍቷል። በበርሊን ያለው ሌላ እጅ የገለበጠው ነው። ለአንድ የባኽ ተማሪ እንዲሆን የገለበጠችው አና ማግዳሌና ናት።